ሕክምና ከሶሻል አንትሮፖሎጂ ማስተርስ ጋር፦ የሀዋሳው መንገድ ሲገመገም

ሀዋሳ ላይ ሐኪም ሆኖ በሶሻል አንትሮፖሎጂ (የሰዎችን ባህልና አኗኗር በሚያጠናው ሙያ) ወይም በሶሲዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ የሚፈልግ ሰው አንድ ተብሎ የተዘጋጀ ፕሮግራም አይጠብቀውም። የሚያገኘው ለየብቻቸው የቆሙ ሁለት በሮች ነው። አንዱ ሪፈራል ሆስፒታሉ ጋ ያለው የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነው፤ ሌላው ዋናው ግቢ ያለው የማኅበራዊ ሳይንስና ሂዩማኒቲስ ኮሌጅ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው በባጃጅ ይደረሳል። የአስተሳሰብ፣ የአጻጻፍና የፈተና ልማዳቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው፤ ያንን ርቀት የሚያቋርጠው ተማሪው ራሱ ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። የምርምር ጥያቄው ከታማሚ አልጋ አጠገብ ለተነሳበት ሐኪም ይህ መንገድ የሚጠይቀው ዓመት ሁሉ የሚያስቆጭ አይደለም። ደመወዝ ለማሳደግ ወይም ከዲዩቲ (ከተረኝነት ሥራ) ለመገላገል ለሚፈልግ ግን አንመክረውም፤ ለሁለቱም የሚያገለግሉ ቀላል መንገዶች አሉ።

ጥምረቱ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሾ እ.ኤ.አ. በ1848 በላይኛው ሲሌዝያ የተነሳውን የታይፈስ ወረርሽኝ መርምሮ ሲመለስ በሪፖርቱ የጠየቀው ትምህርት፣ ነፃነትና የተሻለ ኑሮ ነበር። በእኛ ዘመን በሰፊው የሚታወቁት ፖል ፋርመርና ጂም ዮንግ ኪም ናቸው፤ ሁለቱም ሃርቫርድ ላይ ሕክምናን ከአንትሮፖሎጂ ዶክትሬት ጋር አጣምረው የተማሩና እ.ኤ.አ. በ1987 ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ የተባለውን የጤና ግብረ ሰናይ ድርጅት ከመሠረቱት መካከል ናቸው። በፔሩ ሊማ ከተማ ዳርቻ ላይ መድኃኒት የተላመደውን ቲቢ በድሆች ሰፈር፣ በማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች እጅ ማከም እንደሚቻል ያሳየው ሥራቸው የሁለቱ ሙያዎች ጥምረት ፍሬ ነው። አንትሮፖሎጂው ታማሚዎቹ ሕክምና የሚያቋርጡት በግዴለሽነት ነው የሚለውን ግምት ፈተሸ፤ ሕክምናው ደግሞ የመድኃኒቱን ቅንጅት ሰጠ።

አሜሪካ ሄዶ ሁለቱን በአንድ ላይ መማር ለሚያልም ኢትዮጵያዊ ግን አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጣምራ ዲግሪ ድጋፍ ለዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። ከዚህ ለተመረቀ ሐኪም የሚቀርበው የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ ለምሳሌ በእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ በቺቭኒንግ። እሱም 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ከትምህርቱ በኋላም ለሁለት ዓመት አገር ቤት መመለስን ያስገድዳል። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፤ ኢትዮጵያ አባል አገር አይደለችም።

ወደ ሀዋሳ እንመለስ። መጀመሪያ የሚወሰነው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ብዙ ሰው የሚበላሽበትም እዚሁ ላይ ነው። ሕክምናው ከፍሬሽማን እስከ ኢንተርንሺፕ (የመጨረሻው ዓመት የሆስፒታል ልምምድ) ሰባት ዓመት ገደማ ይወስዳል። በክሊኒካል ዓመታት፣ በተለይ በኢንተርንነት ጊዜ፣ ሌላ ዲግሪ ጎን ለጎን ማስኬድ አይቻልም፤ ሌሊቱን በዲዩቲ ያሳለፈ ሰው ጠዋት ሴሚናር ላይ ተቀምጦ አንድ ሙሉ ጽሑፍ ሊሞግት አይችልም። እንደተመረቁ ወዲያው መግባትም ችግር አለው። የሚጠየቅ ጥያቄ ገና አልበሰለም፤ ፕሮፖዛሉም (የጥናት ዕቅዱም) ከመጽሐፍ የተቀዳ ይሆናል። ከሬዚደንሲ፣ ማለትም ከስፔሻሊስትነት ሥልጠና፣ በኋላ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ዓመት አልፏል፤ ስፔሻሊስቱን ከዎርድ የሚለቀው አለቃ አይገኝም።

ስለዚህ የምንመክረው አንድ ወይም ሁለት ዓመት በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርቶ፣ ከሬዚደንሲ በፊት መግባትን ነው። በተለይ በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሠራ ሐኪም ለዚህ ትምህርት የበሰለ ነው፤ ታማሚው ሪፈራል ከመድረሱ በፊት ማን ጋ እንደሄደ፣ ማን እንደወሰነለት፣ ምን ሸጦ እንደመጣ አይቷል። ሳይካትሪ፣ ማህፀንና ጽንስ ወይም ሕጻናት ሕክምና ለመግባት ያሰበ ሰው ከሁሉም በላይ ይጠቀምበታል። አንድ ጥንቃቄ፦ የሬዚደንሲ መግቢያ ፈተና ቴሲስ (የመመረቂያ ጽሑፍ) ከሚጻፍበት ሴሚስተር ጋር ከገጠመ አንዱን አስቀድሞ መተው ነው። ሁለቱንም ለመያዝ የሞከረ ብዙ ጊዜ ቴሲሱን ያንጠለጥላል፤ የተንጠለጠለ ቴሲስ ደግሞ ሬዚደንሲ ከተጀመረ በኋላ አያልቅም።

ስለ ምዝገባው ብዙ የሚባል የለም። ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ተማሪው ጋት የሚለውን፣ ማለፍ፤ ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማስላክ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ የስፖንሰርሺፕ ደብዳቤ መያዝ። ዋናው ነገር ዲፓርትመንቱ የሕክምና ዲግሪን ለመግቢያ ይቀበል እንደሆነ፣ ማሟያ ኮርስም ይጠይቅ እንደሆነ ከክፍያ በፊት በጽሑፍ ማረጋገጥ ነው። በቃል «ችግር የለውም» መባል አይበቃም፤ የዲፓርትመንት ኃላፊ ይቀየራል፣ ደብዳቤ ግን ፋይል ውስጥ ይቀራል።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ለሐኪም ከባድ የሚሆነው በይዘቱ ሳይሆን በንባቡ ዓይነት ነው። ሕክምና ላይ የሚነበበው ለመያዝ ነው፤ መንስኤ፣ ምልክት፣ ምርመራ፣ ሕክምና። አንትሮፖሎጂ ላይ የሚነበበው ደራሲው ምን እንደሚሞግት፣ ማንን እንደሚቃወም፣ ማስረጃውን ከየት እንዳመጣ ለመለየት ነው። ጥሩ ልምምድ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ሦስት አረፍተ ነገር መጻፍ ነው፦ ደራሲው የሚለው፣ የሚቃወመው፣ ያላሳመነበት። ሦስተኛውን መጻፍ ያቃተው ሰው ጽሑፉን ገና አላነበበውም።

እውነተኛው ፈተና የሚመጣው ፕሮፖዛል ላይ ነው። ከጤና ሳይንስ ግቢ የመጣ ሰው እጁ የለመደው ርእስ አለ፦ «የእንዲህ ያለው ችግር ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች»። ከርእሱ ቀጥሎ ያ የታወቀ የናሙና መጠን ስሌት ይመጣል፤ 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.5 እና በ0.5 ተባዝቶ፣ ለ0.05 ካሬ ሲካፈል 384፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 422። ይህ ቁጥር በየቴሲሱ ስለሚገኝ ሰው የምርምር ሕግ አድርጎ ይወስደዋል። ለሶሻል አንትሮፖሎጂ ጥያቄ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም ስሌቱ የሚመልሰው «ስንት በመቶ?» የሚለውን ብቻ ነው።

ግግን እንውሰድ። ሕጻኑ ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ላይ ያበጠው ቦታ እንደ በሽታው ምንጭ ይቆጠርና ገና ያልበቀለው ጥርስ ተቆፍሮ ይወጣል። ሐኪሙ ውጤቱን ያውቃል፦ ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ ለዘለቄታው የሚበላሽ ቋሚ ጥርስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳይታከም የቀረው የሰውነት ፈሳሽ ማጣት። ስንት እናቶች እንዳስወጡ በመጠይቅ መቁጠር ይቻላል፤ ውጤቱም «የእናት ትምህርት ማነስ ተያያዥ ነው» የሚል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ምን ይደረጋል? እናትን አስተምሩ ይባላል። ነገር ግን ውሳኔው የአያት ከሆነ፣ እናትየውም አያትን ተቃውማ ሕጻኑ ቢሞትባት የሚደርስባትን ወቀሳ የምትፈራ ከሆነ፣ እናትን ማስተማር ምንም አይለውጥም። አንትሮፖሎጂው የሚጠይቀው ውሳኔው በዚያ ቤት ውስጥ በማን፣ መቼ፣ ምን ተብሎ እንደሚወሰን ነው። ለዚህ 422 ሰው አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጌስት፣ በንስና ጆንሰን ከጋናና ከናይጄሪያ በተሰበሰቡ 60 ቃለ መጠይቆች ላይ ባወጡት ጥናት አብዛኛው ጭብጥ በመጀመሪያዎቹ 12 ቃለ መጠይቆች ውስጥ ታይቷል። ይህም ቢሆን ቋሚ ቁጥር አይደለም፤ እነዚያ ሰዎች ተመሳሳይ ነበሩ፣ ጥያቄውም ጠባብ ነበር። እናቶችን፣ አያቶችን፣ አውጪዎችንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን የሚያነጋግር ጥናት ከየወገኑ በቂ ሰው ያስፈልገዋል።

ለማስተርስ ቴሲስ የሚበቃው ልክ ይህን ይመስላል፦ ከ20 እስከ 25 ጥልቅ ቃለ መጠይቅ፣ እያንዳንዱ ከ45 እስከ 90 ደቂቃ፤ ከ6 እስከ 10 ሰው ያለበት ሦስት ወይም አራት የቡድን ውይይት፤ ሳምንታት የሚወስድ ምልከታ። የቃለ መጠይቅ መምሪያው ከ8 እስከ 12 ክፍት ጥያቄ ይበቃዋል። ሴቶችንና ወንዶችን፣ አማትና ምራትን በአንድ ውይይት ማስቀመጥ ትልቅ ስህተት ነው፤ ምራቷ አትናገርም፣ ቀረጻው ላይም ዝምታዋ እንደ ስምምነት ይቆጠራል።

ጥያቄ አቀራረቡን ለመማር ሐኪሙና አንትሮፖሎጂስቱ አርተር ክላይንማን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረባቸውን ጥያቄዎች መያዝ ጠቃሚ ነው። በአማርኛ ሲጠየቁ እንዲህ ይሆናሉ፦ ሕመምዎን ምን ይሉታል? ምን ያመጣው ይመስልዎታል? ለምን በዚያን ጊዜ ጀመረ? ሰውነትዎን ምን ያደርገዋል? ምን ያህል የከፋ ነው? ምን ዓይነት ሕክምና ያሻዋል ይላሉ? ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራዎት ምኑ ነው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ለተመላላሽ ክፍልም ትሆናለች። ጨጓራዬን የሚል ሰው ጓደኛው በካንሰር እንደሞተ የሚናገረው እዚህች ላይ ነው።

አሁን ወደ ጋዋኑ እንምጣ፤ በዚህ መንገድ ላይ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ተጠያቂው ሐኪም መሆንዎን ካወቀ ሐኪም የሚወደውን መልስ ይሰጣል። ወጌሻ ጋ አልሄድኩም፣ ጸበል አልተጠመቅኩም፣ መድኃኒቴን አላቋረጥኩም። መደበቅ ግን አይፈቀድም፤ ማታለል ነው። የሚሠራው እንዲህ ነው። በሚሠሩበት ሆስፒታል ያከሟቸውን ሰዎች አይጠይቁ። ቃለ መጠይቁን ከሆስፒታል ግቢ ውጭ፣ ተጠያቂው በመረጠው ቦታ ያድርጉ። ሐኪም መሆንዎን ይናገሩ፤ ነገር ግን «ዛሬ የመጣሁት ለማከም አይደለም፤ ባይመልሱልኝም ሕክምናዎ ላይ የሚቀር ነገር የለም» ብለው በግልጽ ያስረዱ። ማንበብ ለማይችል ሰው ስምምነቱ ምስክር ባለበት ይነበብለትና በጣት አሻራ ይያዝ። በቃለ መጠይቁ መካከል የታመመ ሰው ቢገጥም ምን እንደሚደረግ ፕሮፖዛሉ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ፦ ቀላል ከሆነ አቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ መላኪያ፤ ድንገተኛ ከሆነ ቀረጻው ይዘጋል፣ ሕክምናው ይቀድማል። መስክ ላይ መድኃኒት ማዘዝ ግን በሁለተኛው ቀን ግማሽ ቀበሌ ተሰልፎ እንዲጠብቅ ያደርጋል፤ ጥናቱም ያበቃል።

የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ላይ ሁለት ወር ቢመድቡ አይከፋም። የጤና ግቢ ኮሚቴዎች የለመዱት የተዘጋ መጠይቅ ስለሆነ መስክ ላይ የሚለወጥ ጥያቄ ያሳስባቸዋል። መፍትሔው መምሪያውን በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛና በሲዳምኛ ሦስቱንም አያይዞ ማስገባትና የትኛው ጥያቄ ሊሻሻል እንደሚችል ምልክት ማድረግ ነው።

ቋንቋው ላይ አንደራደርም። የሪፈራሉ ታካሚ ከሲዳማ፣ ከጌዴኦ፣ ከወላይታ፣ ከጉጂ፣ ከአርሲም ይመጣል። ሲዳማ ገጠር ላይ በአማርኛ ብቻ የሚሠራ ጥናት የሚያነጋግረው የተማረውንና ከተማ የሚመላለሰውን ነው። አስተርጓሚ ከተቀጠረ የጤና ባለሙያ ባይሆን ይመረጣል፤ ባለሙያው ሳያስበው ቃሉን ወደ ሕክምና ቋንቋ ይለውጠዋል። ሰውየው ምች ሲል ትኩሳት፣ የወፍ በሽታ ሲል ሄፓታይተስ ብሎ ይጽፋል። ጥናቱ የሚፈልገው ግን ራሱን ምችን ነው፦ ከላብ በኋላ ፀሐይ የመታው ሰው ለምን ዳማከሴ እንደተቀባ፣ መርፌ ምችን ያባብሳል የሚል ሰው ለምን እንዲህ እንዳለ። ቃሉ ከተተረጎመ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ የበሽታ ስም ሁሉ በተነገረበት ቋንቋ እንዳለ ይቀመጥ፤ ሲዳምኛው በሚጻፍበት በላቲን ፊደል ይገልበጥ፤ ትርጉሙ በጎኑ ይሁን።

የሰዓቱን ሒሳብ አስቀድሞ መሥራት ያስፈልጋል። አንድ ሰዓት ቀረጻ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። ሃያ ሰዓት ቀረጻ ማለት ወደ 100 ሰዓት ግልበጣ ነው፤ ትርጉም ሲታከልበት ወደ 200 ይጠጋል። በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ አምስት ሙሉ ሳምንት ማለት ነው። በዲዩቲ መካከል ከሆነ አራት ወር። አብዛኛው ሐኪም በጀቱን የሚያሳንሰው እዚህ ላይ ነው፤ ለመጓጓዣ ይይዛል፣ ለግልበጣ አይዝም። ሌላው የሚረሳው የመስክ ማስታወሻ ነው። በቀን የተጫረችው አጭር ማስታወሻ በዚያው ሌሊት ካልተስፋፋች በማግሥቱ ትርጉም የላትም። ማን የት ተቀመጠ፣ ማን ሲገባ ወሬው ተቀየረ፣ መቅረጫው ሲዘጋ ምን ተባለ፤ መቅረጫው ከተዘጋ በኋላ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ዋናው ነው። ለመቅረጫ ስልክ ይበቃል፤ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይደረግ፣ ፋይሉ በስም ሳይሆን በኮድ ይቀመጥ፣ ኮዱን ከስም ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ሌላ ቦታ ይቆለፍ።

ለኮዲንግ፣ ማለትም የተገለበጠውን ጽሑፍ በየጭብጡ ምልክት ለማድረግ፣ ውድ ሶፍትዌር መግዛት ግድ አይደለም። ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ኦፕን ኮድ ነፃ ነው፤ የአገራችን የጤና ተመራማሪዎችም ይሠሩበታል። ታጌትም ነፃ ነው። አትላስ ቲአይና ኤንቪቮ የተሻለ ነገር ቢኖራቸውም ይከፈልባቸዋል። የትኛውም ቢመረጥ በግዕዝ ፊደል የተጻፈውን ጽሑፍ በትክክል ማሳየቱን ሁሉንም ከማስገባት በፊት በአንድ ገጽ መሞከር ነው። ሶፍትዌሩ ግን አያስብም፤ 80 ኮድ ሰብስቦ በአራት ርእስ ስር መደርደር ትንተና አይደለም። ፈታኞች «ታዲያ ምን ይሁን?» የሚሉት እንዲህ ያለውን ቴሲስ ነው።

የመስክ ጊዜ ሲመረጥ የቡና ለቀማ ወራት፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ይታሰቡ፤ ሰው ቤቱ አይገኝም። ስለ ቲቢ መድኃኒት መቋረጥ ለሚያጠና ግን መግቢያው ያኔ ነው፤ ስድስት ወር የሚፈጀው ሕክምና ከለቀማው ጋር ሲገጥም ምን እንደሚሆን በዓይን ይታያል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላም ቀኑ በየዓመቱ በአያንቶዎች (በኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች) ቆጠራ ስለሚወሰን በካላንደር አይገመትም።

አማካሪ ሁለት ያስፈልጋል፣ ከየግቢው አንድ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አንደኛው ቁጥር ጨምር ሲል ሌላው ንድፈ ሐሳብ አጠንክር ሲል ነው፤ ተማሪው ሁለቱንም ለማስደሰት ሲሞክር የትኛውም የማይቀበለው ጽሑፍ ይወጣል። ሥራው ሳይጀመር ጥያቄውን፣ ዘዴውንና የምዕራፎቹን ጊዜ የያዘ አንድ ገጽ ላይ ሁለቱ እንዲፈርሙ ማድረግ ከብዙ ወር ጭቅጭቅ ያድናል።

ከዚህ ይልቅ ኤምፒኤች (የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ) አይሻልም ወይ የሚሉ አሉ። ለጤና ቢሮ ሥራ፣ ለፕሮግራም አስተዳደር፣ ለኤፒዲሚዮሎጂ አዎ ይሻላል፤ እዚያው ጤና ግቢ ስለሚሰጥ ለሐኪምም ይቀላል። ጥልቅ የመስክ ሥራ ግን አያስተምርም። ወላድ እናት ሆስፒታል ለምን ዘግይታ እንደደረሰች የሚታወቁት ሦስቱ መዘግየቶች፣ የመወሰን፣ የመድረስና የመታከም፣ በኤምፒኤች ጥናት ሰንጠረዥ ይሆናሉ፤ የመጀመሪያውን መዘግየት ከውስጡ ለማየት ግን ቤቱ ውስጥ መቀመጥን ይጠይቃል።

አዳማ ላለ ሐኪም መንገዱ ይጠብበታል። የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ጠንካራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ግን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ስለሆነ በባጃጅ የሚደረስበት የአንትሮፖሎጂ ክፍል የለውም። በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ እየተመላለሱ መማር ለኮርሱ ይቻላል፤ ለመስክ ሥራው ምሥራቅ ሸዋ ራሱ በቂ ነው።

የሥራ ገበያውን በተመለከተ የምናየው እንዲህ ነው። ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪሙን የሚቀጥረው በሐኪምነቱ ነው፤ የአንትሮፖሎጂ ማስተርስ የሚቆጠርበት መደብ ላይኖር ይችላል። ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት፣ የምርምር ፕሮጀክቶችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶችም በጥናት መሪነት ይፈልጉታል፤ የሁለቱንም ሙያ ቋንቋ የሚናገር ሰው ጥቂት ስለሆነ ተፈላጊነቱ እውነት ነው። ስፖንሰር የሚያደርገው መሥሪያ ቤት ሲመለሱ በየትኛው መደብ እንደሚመድብዎት፣ የትምህርቱ ዓመታት በአገልግሎት ይቆጠሩ እንደሆነና ለስንት ዓመት እንደሚያስገድድዎት የሰው ሀብት ክፍሉን በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱ ከመግቢያ ፈተናው ቀን በፊት እጅዎ መግባት አለበት፤ ከፈረሙ በኋላ የሚመጣ መልስ ውሉን አይለውጠውም።